የጠፉት ገንቢዎች፦ ከኤልፎች ፍርስራሽ እስከ ጌዴኦ ትክል ድንጋዮች
(በሐዋሳ ከተማ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ የተረት ጨዋታ ርእስ ሆኖ ሲቀርብ ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ የሚነሡት ጨዋታዎች ከሰይፍና ከአስማት ባልተናነሰ የሚተርኩት ስለ ግንብ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ቧንቧና ስለ ማሽን ነው። ገንቢ ማን እንደሆነ፣ የተገነባውም ነገር ለምን እንደሚፈርስ ለሚሊዮኖች ወጣቶች የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ትምህርቱ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በዲላ ከተማ ዙሪያ ስለሚገኙት ትክል ድንጋዮች ከሚወራው ወሬ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ስለዚህ ጉዳዩ የሙያው ጉዳይ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

«የሚና ጨዋታ» የሚባለው እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ልብ ወለድ ሰው ሚና ይዞ፣ በታሪኩ ውስጥ እየተጓዘና እየወሰነ የሚጫወተው ነው። በዓይነቱ የመጀመሪያ ሆኖ ለገበያ የቀረበው «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 በአሜሪካ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጀ። ጨዋታው በወረቀት፣ በእርሳስና በዛኒጋባ የሚካሄድ ነበር፤ ኋላ ግን ስልቱ ወደ ኮምፒዩተር ተላለፈ። «ኤልፍ» የሚባሉት ፍጡራን ከሰሜን አውሮፓ ተረት የመጡ ሲሆኑ፣ ረጅም ዕድሜና መልከ መልካምነት ያላቸው፣ ጥበበኞችና ከፍጻሜያቸው የተቃረቡ ሆነው የተሣሉት በይበልጥ እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ባሳተመው ታላቅ ድርሰት ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት የጨዋታ ደራስያን አብዛኞቹ ይህንኑ መልክ ወርሰዋል።

የእነዚህ ጨዋታዎች ዓለም በፍርስራሽ የተሞላ ነው። በ1987 በታተመው፣ የካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ ፈጠራ በሆነው ዓለም ውስጥ ሚት ድራኖር የተባለች የኤልፎች ከተማ አለች። ከተማይቱ በአስማት ጋሻ ተከልላ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በአንድነት የኖሩባት ነበረች፤ በመጨረሻ ግን በአጋንንት ጦር ተወርራ ወደመች። «ኤልደር ስክሮልስ» በተባለው ተከታታይ ጨዋታ ደግሞ አይሌድ የሚባሉ ኤልፎች የነጭ ድንጋይ ከተሞችን ትተው አልፈዋል፤ ይህም በ2006 በወጣው ክፍል በሰፊው ይታያል። በዚያው ጨዋታ ውስጥ የመሐንዲስን ዐይን ከሁሉ ይበልጥ የሚስቡት ግን ድዌመር የተባሉት ናቸው። ከምድር በታች የኖሩ፣ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሱ ማሽኖችን የሠሩ ኤልፎች ነበሩ፤ ታላቁ ሊቃቸው በአንድ አምላክ ልብ ላይ ሙከራ ሲያደርግ መላው ሕዝባቸው በአንዲት ቅጽበት ከምድር ገጽ ጠፋ ይባላል። በ2011 የወጣውን «ስካይሪም»ን የተጫወተ ወጣት ከሺሕ ዓመታት በኋላም የድዌመር ቧንቧ እንፋሎት ሲተፋ፣ ጥርሳም ጎማቸውም ሲሽከረከር ተመልክቷል።

እነዚህ ታሪኮች የየራሳቸው ውበት አላቸው። ሆኖም በጥንቃቄ ሲመረመሩ አብዛኞቹ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆሙ ሆነው ይገኛሉ። አንደኛ፣ ጥንታውያኑ ገንቢዎች ዛሬ በቦታው ከሚኖሩት ሰዎች የተለየና የላቀ ዘር ነበሩ። ሁለተኛ፣ ጥፋታቸው ድንገተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራቸው ያለ ጠባቂና ያለ ጥገና ጸንቶ ይኖራል። አራተኛ፣ በፍርስራሹ አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ወይም እረኛ ስለ ቦታው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ምስጢሩን የሚፈታው ከሩቅ የመጣ ጀግና ነው፤ ያገኘውንም ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛውን በቅድሚያ መመልከቱ ይበጃል፤ ማንኛውም የጥገና ባለሙያ ሊፈርደው ይችላልና። እንፋሎት የሚያመነጭ ቦይለር ውኃው ካልተጣራ ውስጡ የኖራ ቅርፊት ይይዛል፤ ሙቀት ማስተላለፍ ይሳነዋል፤ ቆይቶም ይቃጠላል ወይም ይፈነዳል። ጓርኒሲዮን ይደርቃል፤ ኩሽኔታ ግራሶ ካላገኘ ይበላል፤ ብረት በርጥበት ይዝጋል። አንድ ወር ሳይታይ የቆየ ፓምፕ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ሺሕ ዓመት ያለ ሠራተኛ የሚዞር ማሽን እንዲኖር ከተፈለገ የሚያስፈልገው አስማት እንጂ ምሕንድስና አይደለም። የጨዋታው ደራሲ ይህን የሚያደርገው ለተጫዋቹ ደስታ ነውና አይወቀስበትም። ነገር ግን ታላቅ ሥራ ማለት ጠጋኝ የማያስፈልገው ሥራ ነው የሚል እምነት በሰው አእምሮ ውስጥ ሲያድር፣ ጠጋኙ ከታሪክ ይሰረዛል።

ከጨዋታዎቹ ፍርስራሽ የሚጎድል ሌላም ነገር አለ፤ ካባው ነው። የኤልፎች ቤተ መንግሥት ተጠናቅቆ ይታያል እንጂ ድንጋዩ የተፈለጠበት ጉድጓድ፣ ተሰንጥቆ የተጣለው ጅምር ሥራ፣ የሠራተኛው ማደሪያና የእህሉ ጎተራ ብዙውን ጊዜ አይታይም። በእውነተኛው ዓለም ግን የገንቢውን ማንነት የሚናገረው ከተጠናቀቀው ሥራ ይልቅ ይኸው ትርፍራፊ ነው።

ለዚህ አክሱም ጉልህ ምስክር ናት። ከከተማይቱ በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጎቦድራ ኮረብታ ላይ የጥንቱ ካባ ዛሬም ይታያል። ሽብልቅ ይገባባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረው በድንጋዩ ላይ ቀርተዋል፤ ተጀምረው ያልተፈለጡ ድንጋዮችም አሉ። ከሐውልቶቹ ሁሉ ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሲሆን፣ ዛሬ ተሰባብሮ በምድር ላይ ተጋድሟል። ክብደቱን በዘመኑ መለኪያ ለመገመት፣ 40 ቶን የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና 13 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል፤ ያም ድንጋዩ ተቆራርጦ የሚጫን ቢሆን ነው። ሐውልቱ ሲወድቅ አናቱ «ነፋስ ማውጫ» የተባለውን መቃብር ክዳን መታ፤ ክዳኑ ራሱ 360 ቶን ያህል የሚመዝን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ሐውልቱ በሚቆምበት ጊዜ ወይም ከቆመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ፤ በመሬት ውስጥ የተቀበረው ክፍል ከቁመቱ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነበርና።

ታዲያ ይህ ውድቀት ምን ያስረዳል? ሐውልቱን ያቆሙት ሰዎች የላቁ መናፍስት ሳይሆኑ መሐንዲሶች እንደነበሩ ያስረዳል። ከቀደሙት ሥራዎች እየተማሩ ቁመቱን ጨመሩ፤ ከመሠረቱ አቅም በላይ ሲሄዱ ተሸነፉ። መላእክት አይሳሳቱም፤ ኤልፎችም በተረቱ ውስጥ ድንጋይ አይወድቅባቸውም። በስሌት የሚሠራ ሰው ግን ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ፊርማው ነው። ከዚያ የሚያንሰው፣ 21 ሜትር ያህል የሆነው ሐውልት ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ እስከ ዛሬ መቆሙ ደግሞ ሙያው በእጃቸው እንደነበር ያሳያል። በ1937 በፋሺስት ኢጣልያ ወደ ሮም የተወሰደው 24 ሜትር ያህል የሆነው ሐውልት በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ 124 አውሮፕላን ተመልሶ በ2008 እንደገና ሲቆም፣ የብረት ማማ፣ ክሬንና የብዙ ወራት ጥናት አስፈልጓል። ይህንን የተከታተለ ባለሙያ ለጥንቱ ባልደረባው ባርኔጣውን ቢያነሣ አያፍርም።

የመጀመሪያው ምሰሶ፣ ማለትም «ገንቢዎቹ ሌሎች ነበሩ» የሚለው ነገር፣ በጨዋታ ላይ ሲሆን መዝናኛ ነው፤ ወደ ታሪክ ሲገባ ግን ጉዳት ያደርሳል። እንግሊዛዊው ቴዎዶር ቤንት በ1891 ታላቁን ዚምባብዌን ቆፍሮ፣ ያንን የድንጋይ ከተማ የሠሩት አፍሪካውያን ሳይሆኑ ከዐረብ ምድር የመጡ ሰዎች ናቸው ሲል ጻፈ። እርሱው በ1893 አክሱምን ጎበኘና ስለ እርስዋም መጽሐፍ አሳተመ። በ1905 ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን የዚምባብዌ ገንቢዎች አፍሪካውያን መሆናቸውን በቁፋሮ አረጋገጡ። ይሁን እንጂ የሮዴዥያ የነጮች መንግሥት ይህ እውነት እንዲነገር አልፈለገም፤ እውነቱን አጥብቆ የያዘው ፒተር ጋርሌክ በ1970 አገሩን ለቅቆ ወጣ። መሬቱን ለቀማው መንግሥት «ጥንታዊ ባዕዳን ገንቢዎች» ይጠቅሙት ነበርና ነው። አገሪቱ በ1980 ነፃ ስትወጣ ስሟን ከዚያው ፍርስራሽ መውሰድዋ የዚህ ክርክር መልስ ነበር።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር አልጠፋም። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌሊት መላእክት አግዘው ሠሩ የሚለው ትውፊት የእምነት ቃል ነውና በክብር ይያዛል፤ ትውፊቱ የንጉሡንና የሠራተኞቹን ድርሻ አይክድም፤ ቀን የሠሩት ሰዎች ናቸው ይላልና። ግሬሃም ሃንኮክ የተባለው ጸሐፊ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ሥራውን ከአውሮፓ መስቀል ጦረኞች ጋር ለማያያዝ ሞከረ። በአክሱም የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት እየተባለ የሚጠራው የዱንጉር ሕንፃ ደግሞ በ1960ዎቹ በፍራንሲስ አንፍሬ ሲቆፈር 6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ንግሥቲቱ ኖረችበት ከሚባለው ዘመን በ1500 ዓመታት ያህል ይዘገያል። ስሙ ከፍ ያለ በመሆኑ የእውነተኞቹን ግንበኞች ስም ጋርዶታል።

ወደ ደቡብ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። በሶዶ ጉራጌ ምድር የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። 36 ሲሆኑ፣ 32ቱ የሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። የአካባቢው ሰው ግን ለብዙ ዘመን «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሯል። የኢማም አሕመድ ጦርነት ከ1529 እስከ 1543 የተካሄደ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደቆሙ ይገመታል። ከሥራቸው የተገኙትም መቃብሮች ናቸው። ሕዝቡ አንድን ድንቅ ሥራ ሲመለከትና ሠሪውን ሲረሳ፣ በሚያውቀው ኃይለኛ ሰው ስም መጥራቱ የትም ያለ ልማድ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ የገዛ አያት ሥራ ለጦረኛ ተሰጠ።

በጌዴኦ ዞን ከ60 በላይ በሆኑ ቦታዎች ከ10,000 የሚበልጡ ትክል ድንጋዮች እንደሚገኙ ይገመታል። አባ አዛይስና ሻምባር በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ ስለ ትክል ድንጋዮች መዝግበው ሥራቸውን በ1931 አሳተሙ፤ ሮዤ ዡሶም በ1990ዎቹ ቱቱ ፈላን ቆፈረ። ለብዙ ጊዜ የድንጋዮቹ ዕድሜ 1000 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆየ። በ2021 አሸናፊ ጎቱ ዜናና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ግን የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንደቆሙ አሳየ፤ በአንድ ጥናት ታሪኩ ወደ 1000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ። በቦታው ከተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሰሜን ኬንያ የመጡ ሆነው መገኘታቸውም ታወቀ። እንግዲህ ሥራው የአንድ ብቸኛና ምስጢራዊ ሕዝብ ሥራ አልነበረም፤ የንግድ መንገድ፣ ዕቃ አቅራቢና ጎረቤት የነበረው ማኅበረሰብ ሥራ ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክአ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ትክል ድንጋዮቹ ብቻ ሳይሆኑ ሕዝቡ እንሰትንና ቡናን ከጥላ ዛፍ ጋር አዋሕዶ የሚያለማበት ዘዴም አብሮ መከበሩ ትልቅ ነገር ነው። ድንጋዩና ማሳው፣ የሞተውና ሕያው የሆነው፣ በአንድ መዝገብ ሰፈሩ።

ድንገተኛ ጥፋት የሚለውን ሁለተኛውን ምሰሶ ደግሞ ኮንሶ ብቻዋን ትንደዋለች። በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ኮንሶ ለ400 ዓመታት ያህል፣ 21 ትውልድ የተቀባበለው ሥራ ናት። ያለ ጭቃ የተካቡት እርከኖችዋ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላሉ፤ አፈሩን ከመሸርሸር ይጠብቃሉ፤ ትርፉን ውኃ በፈሰስ ያስወጣሉ። በኮንሶ መንደሮች ትውልድ ሲተካ ድንጋይ የማቆሙ ልማድ ከዘመናችን ደርሷል። በ2021 የጌዴኦን ድንጋዮች ያጠኑት ሊቃውንት ከፊሎቹ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፉን ለማስታወስ የቆሙ ሳይሆኑ አይቀሩም ያሉት እንዲህ ያሉ ሕያዋን ልማዶችን ተመልክተው ነው። ስለዚህ ፍርስራሹን ለመረዳት ቁልፉ ያለው ከሩቅ በሚመጣው ጀግና እጅ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ካብ በሚክበው ገበሬ እጅም ነው። በኮንሶ ክረምት የናደው ካብ ይጠገናል። ካቡ ሳይጠገን ቢቀር እርከኑ ለአንድ የሰው ዕድሜም አይቆይም ነበር። ለ400 ዓመታት የቆየው የማይፈርስ ሆኖ ሳይሆን፣ በፈረሰ ቁጥር የሚያነሣው ሰው ስላልጠፋ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ጨዋታዎቹም አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ መነገር አለበት። በ2009 የተጀመረው «ድራጎን ኤጅ» የኤልፎቹን ዘሮች በሕይወት ያሳያል፤ በከተማ ጥግ በአጥር ተከልለው ወይም በጫካ እየተንከራተቱ የአባቶቻቸውን ታሪክ ከቁርጥራጭ ሊሰፉ ይሞክራሉ። በ2014 በወጣው ክፍል ደግሞ መራራ እውነት ይገጥማቸዋል፤ በፊታቸው የሚነቀሱት፣ የክብር ምልክት የመሰላቸው ንቅሳት በጥንት ዘመን የባርነት ምልክት ነበር። ውብ የተባለው ዘመን ለሁሉም ውብ አልነበረም። ድዌመሮችም ቢሆኑ የተጠለሉባቸውን ሌሎች ኤልፎች ዐይን አሳውረው ባሪያ አድርገዋቸዋል። እነዚህ ደራስያን «ድንጋዩን ማን ተሸከመ?» የሚለውን ጥያቄ ጠይቀዋል፤ ይህ ጥያቄ ለአክሱምም፣ ለላሊበላም፣ ለጌዴኦም ሊቀርብ የሚገባው ነው። የአገርን ሥራ ማክበር ማለት የሠራተኛውን ድካም መሸፈን አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለሙያው ምን ይተርፋል? በደቡብ ኢትዮጵያ መንገድ ይቆረጣል፤ የውኃ መስመር ይዘረጋል፤ ሕንፃ ይቆማል። የመሠረቱ ቁፋሮ አንድ ቀን ጥርብ ድንጋይ ወይም መቃብር ቢያገኝ፣ ዶዘሩን የማቆም ወይም የማሳለፍ ውሳኔ በመጀመሪያ የሚወድቀው በቦታው ባለው መሐንዲስ ላይ ነው። በ2000 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስከዚያው እንዲጠብቀው ያዛል። ሕጉን ማወቅ ግን አይበቃም። ድንጋዩ «የማይታወቁ የጥንት ሰዎች» ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለማይታወቅ ባለቤት ሲል የሥራ ቀን አያቃጥልም። የባልደረባ ሥራ መሆኑን የተረዳ ግን ቢያንስ ሜትሩን ያወጣል፤ ይለካል፤ ይሥላል፤ አቀማመጡን በካርታ ይመዘግባል። ከጌዴኦ ድንጋዮች ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ የተሰበሩም አሉ። አንድ ድንጋይ ከቆመበት ከተነቀለ በኋላ ጥልቀቱን፣ የዞረበትን አቅጣጫና አጠገቡ የነበረውን መልሶ የሚያስገኝ ቁፋሮ የለም።

ከዚህም ሌላ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ በገዛ ሥራው ላይ ማሰብ አለበት። ዛሬ የሚሠራው ድልድይ ሥዕሉ በመዝገብ ቤት ካልተቀመጠ፣ የጥገናው መመሪያ ለተረካቢው ካልተሰጠ፣ የተበላሸውና የታረመው ካልተጻፈ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ እርሱም የማይታወቁ ሰዎች ሥራ ይሆናል። ሥልጣኔ እንደ ድዌመሮች በአንድ ቅጽበት አይጠፋም። ሰነድ አንድ በአንድ ሲጠፋ፣ አዋቂው ሳይጠየቅ ጡረታ ሲወጣ፣ ተለማማጁ ምክንያቱ ሳይነገረው ትእዛዝ ብቻ ሲቀበል፣ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

የጨዋታ ሥራ በአገራችንም ተጀምሯል፤ «ኩኩሉ» የተባለው የስልክ ጨዋታ ለዚህ ምሳሌ ነው። በሐዋሳ በኮምፒዩተር ፊት የሚያመሽ ወጣት ወደፊት የራሱን ፍርስራሽ የሚነድፍበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያ ሰው ከዚህ ማኅበር አባላት አንዱን ቢያማክር መልካም ይሆናል። ያን ጊዜ በጨዋታው ውስጥ ካባ ይኖራል፤ የተሰነጠቀ ድንጋይም ይኖራል፤ ተጫዋቹም ሀብት ይዞ ከመውጣቱ በፊት አንድ የናደ ካብ እንዲያነሣ፣ አሠራሩንም በአጠገቡ ከሚኖሩት ሽማግሌዎች ጠይቆ እንዲማር ይገደዳል። ኤልፎች ቢኖሩበትም ባይኖሩበትም፣ የግንባታን እውነት የሚናገር ጨዋታ ይሆናል።